የጥጥ ብናኝ፣ የብረት ቅርፊትና የሞገድ መከለያ፦ ከኮምቦልቻ ተረፈ ምርት ቀላል ሰሌዳ መሥራት

ኮምቦልቻ ላይ አንድ የፋብሪካ ግቢ ሁለት የማይፈለግ ነገር ያወጣል፦ ተረፈ ምርትና የኤሌክትሪክ ረብሻ። የመፍተያና የስፌት ማሽኖችን ፍጥነት የሚቆጣጠሩት ኢንቨርተሮች በሰከንድ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ኤሌክትሪኩን እየቆረጡ ስለሚቀጥሉ፣ እስከ ብዙ ሜጋሄርዝ የሚዘልቅ ረብሻ በሽቦም በአየርም ይረጫሉ። ክር መበጠሱን የሚከታተለው ሴንሰር ምንም ሳይበጠስ ማሽኑን ያስቆማል። የሚዛን ቁጥር ይዋዥቃል። በፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ያለ መቆጣጠሪያ በራሱ ጊዜ ጠፍቶ ይበራል። ከግቢው ጀርባ ደግሞ ጥጥ በማሽን ሲበጠር (ካርዲንግ) የሚረግፈው ብናኝ በጆንያ ተከምሯል፣ በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ በኩል የሚወጣው የልብስ ቁርጥራጭ ተጨምሮበታል። ምስማር የሚሠሩ ፋብሪካዎች ሽቦውን ከመሳባቸው በፊት ከላዩ ላይ የሚያራግፉት ጥቁር የብረት ቅርፊትም አለ። ይህን ሁሉ ክብደቱ ቀላል የሆነ የሞገድ መከለያ፣ ማለትም በአየር የሚረጨውን ረብሻ የሚያስቀር ሰሌዳ፣ ማድረግ ይቻላል። አሠራሩ ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። ጥጡ አየር ሳያገኝ ሲከስል ክሩ ካርበን ይሆናል፤ ሞገድ የሚቆመው እነዚህ የካርበን ክሮች ተያይዘው ኤሌክትሪክን ከዳር እስከ ዳር ማሳለፍ ሲችሉ ነው። አንድ ኪሎ የካርበን ዱቄት በሙጫ ውስጥ ተበትኖ ቅንጣቶቹ ካልተነካኩ ከፕላስቲክ ብዙም አይሻልም። ከዚያ በጣም ያነሰ ረጅም ክር ግን እርስ በርሱ ከተጠላለፈ መረብ ይሆናል። ስለዚህ የጥጡን ክር አትፍጩት። ከዚህ በታች ያለው ሥራ በሙሉ ይህን መያያዝ ለመጠበቅ የሚደረግ ነው።

ቁጥሩን እንየው። የመከለያ አቅም የሚለካው በዲሲቤል ነው፦ 10 ዲሲቤል ማለት ከሞገዱ ኃይል 90 በመቶውን፣ 20 ዲሲቤል 99 በመቶውን፣ 30 ዲሲቤል 99.9 በመቶውን ማስቀረት ነው። በ1 ጊጋሄርዝ ሞገድ መዳብ ውስጥ ዘልቆ የሚገባው 2 ማይክሮሜትር ግድም ብቻ ነው። አስተላላፊነቱ 100 ሲመንስ በሜትር የሆነ የካርበን ምንጣፍ ውስጥ ግን 1.6 ሚሊሜትር ያህል ይገባል። በእያንዳንዱ እንዲህ ባለ ጥልቀት ሞገዱ 8.7 ዲሲቤል ይደክማል፤ ስለዚህ 3 ሚሊሜትር የሆነ ምንጣፍ በመምጠጥ ብቻ 16 ዲሲቤል ይቀንሳል፣ ከፊቱ ተንጸባርቆ የሚመለሰው ደግሞ ይጨመርበታል። ካርበን ከመዳብ ጋር በአስተላላፊነት አይወዳደርም። የሚያሸንፈው በክብደት ነው።

የትኛው ተረፈ ምርት ይሆናል?

የካርዲንግና የኮምቢንግ (የሁለተኛው ማበጠሪያ) ብናኝ ጥሩ ነው፤ ክሩ አጭር ቢሆንም ገና ስላልተጠመዘዘ በደንብ ይጠላለፋል። ከስፌት የተረፈ የሹራብ ጨርቅ ከዚህም ይሻላል፣ ሲሠራ ጀምሮ የተያያዘ ነውና። ችግሩ ፖሊስተር ነው። ፖሊስተር 260 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ እየቀለጠ በክሮቹ መካከል ይፈስሳል፣ ቀዳዳውን ይደፍናል፣ መጨረሻ ላይም የሚሰባበር ቅርፊት ትቶ ይሄዳል። መለየቱ ቀላል ነው፦ ከየጆንያው ጥቂት ክር መዛችሁ በክብሪት አቃጥሉ። ንጹሕ ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ዱቄት ይሆናል። ፖሊስተር ያለበት መጀመሪያ ይኮማተራል፣ ከዚያ ጫፉ ላይ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይቋጥራል። እንክብል ያሳየውን ጆንያ ለፍራሽ ሠሪ ስጡት። አንድ ጆንያ ሁለት ዓይነት ሊይዝ ስለሚችል ከላይ፣ ከመሃልና ከሥር ፈትሹ።

የቢራ ብቅል አተላን የሚጠቁሙ አሉ። እሱ የሚጣል ነገር አይደለም፤ ከብት አድላቢው ይፈልገዋል፣ ተዉለት። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣው ክሮም የነካው ፍቅፋቂ ደግሞ ከነጭራሹ ወደ ምድጃ አይግባ። በቆዳው ላይ ያለው ባለ ሦስት ክሮሚየም አየር ባለበት ሲሞቅ ካንሰር ወደሚያመጣው ባለ ስድስት ክሮሚየም ሊለወጥ ይችላል።

ምንጣፉን ማዘጋጀት

የላብራቶሪ ምድጃ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ስለሆነ በ20 በ20 ሳንቲሜትር ጀምሩ። ለዚህ 40 ግራም ደረቅ ጥጥ ይበቃል። ሲከስል በየጎኑ ሩብ ያህል ስለሚሸበሸብ የሚወጣው 15 በ15 ሳንቲሜትር፣ ክብደቱም 10 ግራም ግድም ነው።

ብናኙን ፍሬና ቆሻሻ ለቅማችሁ እንደ ባዘቶ አባዝቱት። ከዚያ በስስ በስሱ ደርቡ፤ አንዱ ድርብ ወደ ቁመት ከሄደ ቀጣዩ ወደ ጎን ይሂድ። ሁሉም ክር ወደ አንድ አቅጣጫ ከተኛ ሰሌዳው በአንድ በኩል ኤሌክትሪክ ያሳልፍና በሌላው በኩል ይከለክላል፤ ሞገዱም በዚያው በደካማው በኩል ያልፋል። ይህ ስሕተት በዓይን አይታይም፣ በማልቲሜትር ግን ወዲያው ይታወቃል።

ቀጥሎ ማጥለቂያው። በ1 ሊትር ውኃ 20 ግራም ስታርች አብስሉ፤ ስታርች ከ75 ዲግሪ በታች ስለሚወፍር ውኃ ከ92 ዲግሪ ግድም ጀምሮ በሚፈላበት ደሴም ችግር የለም። ሲበርድ 30 ግራም ዲአሞኒየም ፎስፌት ጨምሩ፤ ገበሬው ዳፕ ብሎ የሚያውቀው ማዳበሪያ ነው። የማዳበሪያው እንክብል ደለል ስላለው ለብቻው በጥቂት ውኃ አሟሙታችሁ በጨርቅ አጥልሉት። ፎስፌቱ ሁለት ሥራ አለው፦ ጥጡ በጋዝና በሬንጅ መልክ እንዳያልቅ ይከላከላል፣ ሳይነድ እንዲከስልም ያግዛል። ያለ እሱ ቀስ ተብሎ እንኳ ቢሞቅ ከጥጡ ክብደት የሚተርፈው ከ10 እስከ 20 በመቶ ነው፤ በእሱ ሩብ ያህል ይተርፋል። ስታርቹ ደግሞ ክር ከክር በሚነካካበት ቦታ ላይ ተጠራቅሞ አብሮ ይከስልና መጋጠሚያውን ይበየዳል። ከማጥለቂያው ዋናው ይኼ ነው። ስታርች ያልነካው ምንጣፍ ከምድጃ ሲወጣ ያምራል፤ በእጅ ሲነኩት ግን ይበናል፣ ኦሙም (ኤሌክትሪክን የመከልከሉ ልክ፣ ሬዚስታንሱ) በነካችሁት ቁጥር ይቀያየራል።

ምንጣፉን ከማጥለቂያው አውጥታችሁ 80 ግራም ግድም እስኪመዝን ጭመቁት። ጠምዝዛችሁ አትጭመቁ፣ በሁለት ጣውላ መካከል ተጫኑት። ኮምቦልቻ ላይ በፀሐይ አንድ ቀን ያደርቀዋል። ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ጉሙ ሲተኛ፣ እንዲያ አይሆንም፤ በ80 ዲግሪ ማድረቂያ ሳጥን ውስጥ አሳድሩት። ውስጡ እርጥብ የሆነ ምንጣፍ ምድጃ ሲገባ እንፋሎቱ ድርቦቹን ይገነጥላቸዋል።

ማክሰል

ዕቃው 3 ሚሊሜትር ላሜራ የተበየደ ሣጥን ነው። ምንጣፉን ብዙ ቀዳዳ ባላቸው ሁለት ላሜራዎች መካከል አስተኙት፣ ካልተጫነው ሲሸበሸብ እንደ ቅጠል ይጠቀለላል። ዙሪያውን ከላይም ከሥርም በደረቅ የከሰል ደቃቅ ሙሉት። የገባ አየር ካለ መጀመሪያ የሚበላው ይህን ከሰል ይሆናል። ክዳኑን በሸክላ ጭቃ ለስኑ፤ ነገር ግን 6 ሚሊሜትር የሆነ የጋዝ መውጫ ቱቦ የግድ ያስፈልገዋል። ያለ መውጫ የተዘጋ ሣጥን ይፈነዳል። የሚወጣው ጋዝ የሚነድና ካርበን ሞኖክሳይድ ያለበት ስለሆነ ቱቦው ወደ ውጭ ይውጣ፤ ምድጃው ያለበት ክፍልም መስኮትና በሩ ክፍት ይሁን። መጀመሪያ አካባቢ የሚሰነፍጠው አሞኒያ ነው፣ ከፎስፌቱ የሚመጣ።

ሙቀቱን እንዲህ አውጡት። እስከ 200 ዲግሪ በደቂቃ 5 ዲግሪ። ከ200 እስከ 400 በደቂቃ 2 ዲግሪ ብቻ። ከዚያ እንደገና በደቂቃ 5 ዲግሪ እስከ 900፣ እዚያ ላይ አንድ ሰዓት ማቆየት። በጠቅላላው አምስት ሰዓት ግድም ነው። መሃል ላይ ያለውን ቀስታ የሚዘል ሰው ሁሉንም ያጣል፦ ጥጥ የሚፈርሰው በዚያ ክልል ውስጥ ስለሆነ ጋዙ በፍጥነት ሲወጣ ክሮቹን ይሰነጣጥቃቸዋል። 900 ዲግሪ መድረስም ቅንጦት አይደለም። በ600 ዲግሪ የወጣ ከሰል መልኩ ጥቁር ነው፣ ኤሌክትሪክ ግን ከመጠን በላይ ይከለክላል፤ ከ600 እስከ 900 ባለው ውስጥ ሬዚስታንሱ በብዙ እጥፍ ይወርዳል። መልክ አይቶ መፍረድ እዚህ አይሠራም።

መብራት ቢጠፋስ? ሣጥኑን አትክፈቱ። ራሱ ይቀዝቅዝ፣ መብራቱ ሲመጣ ካቆመበት የሙቀት ክልል ባለው ፍጥነት ቀጥሉ። የከሰለ ነገር ሁለተኛ ቢሞቅ አይጎዳም፤ የሚጎዳው አየር ነው። ሥራው ሲያልቅም ከ100 ዲግሪ በታች ሳይወርድ ክዳኑ አይነሣ። ሲበርድ ሣጥኑ አየር ወደ ውስጥ ስለሚስብ የቱቦውን ጫፍ በጭቃ ድፈኑት፣ ግን ምድጃው ከጠፋና ጋዙ መውጣቱን ካቆመ በኋላ ብቻ። ትኩስ ካርበን አየር ሲያገኝ ዳር ዳሩ ቀይ ሆኖ እየተበላ ይሄዳል። ከምድጃ የወጣ ምንጣፍ ጠርዙ ግራጫ አመድ ከያዘ አየር ገብቷል ማለት ነው፤ የክዳኑን ልስን ፈትሹ።

ከዚያ በሙቅ ውኃ እጠቡት፣ ውኃው አሲድነቱን እስኪተው ድረስ። ይህን ብዙዎች ያልፉታል። የቀረው ፎስፌት ከአየር እርጥበት እየሳበ ክረምት ሲገባ ሰሌዳውን ያረጥበዋል፣ ከሥሩ ያለውንም ብረት ይበላል። የእጥበቱ ውኃ ወደ ቦርከና አይደፋ፤ በበርሜል አጠራቅማችሁ ኖራ ጨምሩበት፣ ፎስፌቱ ከኖራው ጋር ነጭ ደለል ሆኖ ይዘቅጣል። ያ ወንዝ የተሸከመው ይበቃዋል።

ማጠንከር

10 ግራም ለሚመዝን ምንጣፍ ከ3 ግራም በላይ ሙጫ አትስጡት። ኢፖክሲውን ከነማጠንከሪያው ለክታችሁ በአሴቶን አቅጥኑ፣ በብሩሽ ሳይሆን በመርጫ በሁለቱም ፊት እርጩት፣ አሴቶኑ እስኪተን ጠብቁ፣ ከዚያ ላስቲክ በለበሱ ሁለት ጣውላዎች መካከል 3 ሚሊሜትር ድረስ ተጭኖ ይደር። ሲጫን ክሮቹ ይበልጥ ይነካካሉ፣ ሙጫውም በዚያው አቋማቸው ይይዛቸዋል። ሙጫ ያበዛ ሰው ጠንካራና የሚያብረቀርቅ ሰሌዳ ያገኛል። ግን ገጹ ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ፊልም ስለሚሸፈን ጠርዙ ላይ የሚነካው መዳብ ከክሩ ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ዙሪያውን 1 ሳንቲሜትር በወረቀት ቴፕ ሸፍናችሁ ሙጫ እንዳይደርስበት አድርጉ።

ስለ ብረት ቅርፊቱ። ብዙ ሰው ብረት ሲጨመር መከለያው ይበረታል ብሎ ያምናል። ቅርፊቱ ውስጥ ያለው ማግኔታይት ሞገድ ይመጥጣል፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከጥቂት ጊጋሄርዝ በላይ የማግኔት ባሕርይው ይደክማል፣ ጥግግቱም በኪዩቢክ ሳንቲሜትር 5.2 ግራም ስለሆነ ቀላል ሰሌዳ የምንለውን ያከብደዋል። እኔ የምመክረው የሞገዱ ምንጭ ራሱ ሳጥኑ ውስጥ ሲሆንና ሞገዱ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላጋ ሲያስቸግር ብቻ ነው። ያን ጊዜ ቅርፊቱን በሳሙና አጥባችሁ ዘይቱን አስለቅቁ፣ አድርቁ፣ በኳስ ወፍጮ ፍጩ፣ በ75 ማይክሮሜትር ወንፊት ንፉ፣ በማግኔት ልቀሙ። 2 ግራም ቅርፊት፣ 3 ግራም የደቀቀ የካርበን ቁርጥራጭ፣ 4 ግራም ነጭ ኮላና ትንሽ ውኃ ቀላቅላችሁ ወደ ምንጩ በሚያየው ፊት ላይ ብቻ በሦስት ስስ ቅብ ቀቡ። ከፊት ያለው ደካማ አስተላላፊ ሞገዱን በርጋታ ያስገባዋል፣ ከኋላ ያለው ጠንካራ አስተላላፊ ይመልሰዋል፣ በመንገዱ ሁለት ጊዜ ይመጠጣል። የቅቡ ውፍረት ትንሽ ስለሆነ ተአምር አትጠብቁ። ይህ ሁሉ ተጨምሮም ሰሌዳው በካሬ ሜትር 900 ግራም ግድም ነው፤ ግማሽ ሚሊሜትር የብረት ላሜራ 3.9 ኪሎ ይመዝናል።

መለካት

ውድ መሣሪያ ከመፈለግ በፊት ማልቲሜትር ይበቃል። ሰሌዳው አራቱም ጎኑ እኩል ስለሆነ በሁለት ትይዩ ጠርዞች ላይ ሙሉ 15 ሳንቲሜትር የሚነካ የመዳብ ጥብጣብ በጣውላና በመጭመቂያ አስራችሁ ለኩ። መጀመሪያ ሁለቱን የማልቲሜትር ጫፎች አነካክታችሁ የሚያሳየውን ከውጤቱ ቀንሱ። ከዚያ ሰሌዳውን 90 ዲግሪ አዙራችሁ ድገሙ። ሁለቱ ቁጥሮች በጣም ከተራራቁ ድርቡ አንድ አቅጣጫ ይዟል።

ከኦሙ ወደ ዲሲቤል የሚያሻግር ቀላል ስሌት አለ፦ 188.5ን በኦሙ አካፍሉ፣ 1 ደምሩ፣ ሎጋሪዝሙን (በ10 መሠረት) ወስዳችሁ በ20 አባዙ። 100 ኦም 9 ዲሲቤል ይሰጣል፣ 20 ኦም 20 ዲሲቤል፣ 3.3 ኦም 35 ዲሲቤል። ይህ ሰሌዳው ከሞገዱ ዘልቆ መግቢያ ጥልቀት ሲሳሳ የሚሠራ ግምት ነው፤ ከዚያ በላይ በሆነ ፍሪኩዌንሲ እውነተኛው ውጤት ከዚህ ይሻላል። ከ20 ኦም በላይ ያሳየ ሰሌዳ እንደገና ወደ 900 ዲግሪ ይመለስ፣ ሙጫ ካልነካው።

ስልክ ሳጥን ውስጥ አስገብቶ መደወል ፈተና አይደለም። ስልክ እጅግ ደካማ ሲግናል መያዝ ይችላል፤ 20 ዲሲቤል ቢቀነስበትም ይጠራል፣ ሰውም ሰሌዳው አይሠራም ብሎ ይጥለዋል። ናኖቪኤንኤ የምትባለው ትንሽ መለኪያ ከሁለት አንቴና ጋር ይሻላል፦ በብረት ሳጥን አንድ ፊት ላይ መስኮት ቆርጣችሁ አንዱን አንቴና ውስጥ፣ ሌላውን ውጭ አቁሙ፤ መስኮቱ ክፍት ሆኖ፣ በሰሌዳው ተሸፍኖ፣ በብረት ላሜራ ተሸፍኖ ሦስት ጊዜ ለኩ። በላሜራው የሚገኘው ቁጥር የአለካካችሁ ጣሪያ ነው፤ ሰሌዳው ያን ቁጥር ከነካ የለካችሁት የሳጥኑን ሽንቁር ነው። ወረቀት ላይ የሚቀርብ ውጤት ከተፈለገ ግን ከ30 ሜጋሄርዝ እስከ 1.5 ጊጋሄርዝ የሚሸፍነው ኤኤስቲኤም ዲ4935 የሚባለው አለካክ ነው የሚጠየቀው።

መግጠም

አራት ሰሌዳ ተጋጥሞ 30 በ30 ሲሆን መጋጠሚያው ላይ ክፍተት ከቀረ የተለፋው ይባክናል። ሞገድ የሚያየው የክፍተቱን ርዝመት ነው እንጂ ስፋቱን አይደለም፤ ፀጉር የምታህል ቀጭን ስንጥቅም ረጅም ከሆነች አንቴና ትሆናለች። ርዝመቷ ከሞገዱ ርዝመት አንድ ሃያኛ ከበለጠ ከዚያች ስንጥቅ ከ20 ዲሲቤል በላይ አትጠብቁ። በ1 ጊጋሄርዝ ይህ 1.5 ሳንቲሜትር ነው፤ በ2.4 ጊጋሄርዝ 6 ሚሊሜትር። ስለዚህ ሰሌዳዎቹ ጫፍ ለጫፍ አይግጠሙ፤ ሙጫ ባልነካው ጠርዛቸው ይደራረቡ፣ በላያቸው ሙጫው ራሱ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ የመዳብ ቴፕ ይለጠፍ፣ በሰፊ ዋሸር በየ1.5 ሳንቲሜትሩ ይጠበቅ። ካርበን በእርሳስ አይበየድም፤ ያለው አማራጭ መጫን ነው።

ካርበን ከአሉሚኒየም ወይም በዚንክ ከተነከረ ቆርቆሮ ጋር በቀጥታ ተነካክቶ እርጥበት ካገኘ ብረቱን ይበላዋል። በመካከል ቲን የሚባለው ብረት የተቀባ መዳብ አድርጉ፣ ዋሸሩም ስቴንለስ ይሁን። ሰሌዳው ሲቆረጥ የሚበነው ክር ደግሞ ሰርኪት ላይ ካረፈ ሾርት ያደርጋል፤ መቁረጥና መብሳት ሁሉ ከመቆጣጠሪያው ሳጥን ርቆ፣ አፍና አፍንጫ በማስክ ተሸፍኖ፣ የተቆረጠውም ጫፍ ከመዳብ ጋር የማይነካካ ከሆነ በኢፖክሲ ታሽጎ ይሠራ።

ይህ ሰሌዳ የትራንስፎርመርን ወይም የትልቅ ሞተርን የ50 ሄርዝ ማግኔት አያቆምም። በዚያ ፍሪኩዌንሲ መዳብ እንኳ ዘልቆ መግቢያው 9 ሚሊሜትር ነው፤ እዚያ የሚያገለግለው ወፍራም ብረትና ርቀት ነው። በሽቦ ተከትሎ የሚገባውንም ረብሻ አያቆምም። የኢንቨርተር ኬብል መጀመሪያ ሽፋን ያለው ይሁን፣ ሽፋኑም በሁለቱም ጫፍ ዙሪያውን ታቅፎ ከመሬት ጋር ይያያዝ፣ የሴንሰሩ ሽቦ ከኃይል ኬብሉ ይራቅ፣ ፌራይት (ረብሻ የሚያፍን ማግኔታዊ ቀለበት) ይደረግበት። ይህ ተደርጎ ሴንሰሩ አሁንም ከተረበሸና ሳጥኑ ፕላስቲክ ከሆነ፣ ያኔ ሰሌዳው ውስጡን ይልበስ። ገጥማችሁ ስትጨርሱ ከአንዱ ሰሌዳ መሃል እስከ መሬት ማሰሪያው ያለውን ኦም ለክታችሁ ሳጥኑ ክዳን ላይ ጻፉት፤ መስከረም ላይ ስትለኩ ቁጥሩ ከእጥፍ በላይ ከሆነ፣ የላላው ወይም የዛገው መጋጠሚያው ነውና ቴፑን አንሥታችሁ ጠርዙን በአልኮል ጥረጉ፣ አዲስ ለጥፉ።